ከኦይስተር የተማርነውን ጅረታችን ዳር ሞከርነው

ኮምቦልቻ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ስለ ባህር እንስሳት ለክፍል ስዘጋጅ ያነበብኩት የኦይስተር ነገር ካይምሮዬ አልወጣ አለ። ኦይስተር ዛጎል ለባሽ ነው፣ አንዱ ትልቅ ኦይስተር ከተመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ያጣራል፣ ተደራርበው ሲያድጉ ደግሞ ሪፍ፣ ማለትም ባህር ውስጥ ያለ የዛጎል ክምር ሰርተው ለአሳ መጠለያ ይሆናሉ፣ ማዕበሉንም ያበርዱታል። ገና የተፈለፈለው የኦይስተር እጭ ግን የሚጣበቅበት ጠንካራ ነገር ካላገኘ ጭቃ ውጦት ይሞታል፣ ስለዚህ ሪፉ የጠፋበት ቦታ መጀመሪያ የሚደረገው ድንጋይ ወይ ዛጎል መደልደል ነው። ደቡብ አውስትራሊያ 20 ሄክታር የሚሸፍነው የዊንዳራ ሪፍ እንኳን የተጀመረው በኖራ ድንጋይ ክምር ነው።

እኛ ጋር ባህር የለም፣ የቦርከና ወንዝ ግን አለ። ከደሴ ወርዶ በኛ አድርጎ ጨፋ ረግረግ ነው የሚገባው፣ እዛ ደግሞ በበጋ ስንት ከብት ነው የሚጠብቀው! ከሰፈራችን ጀርባ ወደሱ የሚገባ ጅረት አለ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዳሩን እየናደ የሰው ጓሮ ይዞ ይሄዳል።

ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ጋር መስከረም መጨረሻ ላይ ጎርፉ ሲጎድል መሬቱ ሳይደርቅ ገባን። እንደ ሪፉ መጀመሪያ ትልልቁን ድንጋይ ከስር ደርድረን ክፍተቱ ውስጥ አኻያ ሰካን። አኻያ የሀገራችን ዛፍ ነው ውሃ ዳር ይወዳል፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ስር ስለሚያወጣ ችግኝ መግዛት የለም። አውራ ጣት የሚያክለውን መርጣችሁ፣ እንቡጡ ወደላይ እንዲያይ አድርጋችሁ፣ ከቁመቱ ሁለት ሶስተኛውን መሬት ውስጥ ቅበሩት። ባህር ዛፍ ይሻላል ቶሎ ይሸጣል ያሉን ነበሩ፣ ውሃ ዳር ግን ውሃውን ነው የሚመጠው፣ ከስሩም ሳር እንደልብ አያበቅልም፣ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ከሁሉም የከበደው ከብት ነው። ለምለም ቅጠል ያየች ላም ማን ይመልሳታል? ላሞች ያሏቸው አንድ አባት መጥተው "አንተ ልጅ፣ ይሄን ካጠራችሁብኝ የት ልውሰዳቸው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ ከብት አይገባም ግን ሳሩን እሳቸው እያጨዱ ይወስዳሉ፣ ተስማማን። አሁን ዋናው ጠባቂ እሳቸው ናቸው፣ "አብሽር፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም" ይሉኛል።

ከክረምቱ በኋላ ድንጋዩ መሀል እጄን ሰድጄ ሳየው ክር የመሰለ ቀላ ያለ ስር ድንጋዩን ጠፍሮ ይዞታል፣ ከስሩ እንቁራሪትና ትንንሽ የውሃ ነፍሳት ገብተዋል። ኩርባው ላይ ያለውን ግን ጎርፉ ጠራርጎ ወስዶታል፣ እዛ ጋ ያለ ጋቢዮን፣ ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን ማለት ነው፣ አይሆንም። ከላይ የሚለቀቀውን ፍሳሽም አኻያ አያቆመውም፣ እሱ የሚቆመው ከምንጩ ነው።

ዘንድሮ ከታች ያለው ሰፈር ሊጀምር ነው። ቁራጩን ከኛ አኻያ ይወስዳሉ፣ ከብት ያለውን ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጥሩት ብያቸዋለሁ።