ለዕለት ሥራና ለፈጠራ የሚሆን ላፕቶፕ አመራረጥ

አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ አስቀድሞ መታየት ያለበት ስክሪኑ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፎቶ ለሚያርምና ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው፣ ቀለምን አሳስቶ የሚያሳይ ስክሪን የቀረውን ሥራ ሁሉ ያበላሽበታልና። በመግለጫው ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ተብሎ ከተጻፈ (ኤንቲኤስሲ ስክሪኑ የሚያሳየው የቀለም ስፋት መለኪያ ነው፤ 45 በመቶ ጠባብ ነው)፣ ደማቅ ቀይና አረንጓዴ ቀለሞች ፈዘው ስለሚታዩ ባለሙያው ሳያውቀው ከልክ በላይ ያደምቃቸዋል፤ ያው ፎቶ ጥሩ ስክሪን ባለው ስልክ ሲከፈት የሰውየው ፊት ቀልቶ ይገኛል። የኤስአርጂቢን (ኢንተርኔት ላይ የተለመደውን የቀለም መለኪያ) የቀለም ክልል 100 በመቶ ወይም ወደዚያ የተጠጋ የሚሸፍን ስክሪን ለማግኘት ስል፣ ፍጥነቱ ትንሽ ዝቅ ያለ ፕሮሰሰር ብቀበል እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ራም ነው፤ ይህም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት 8 ጊጋባይት ሊያብቃቃ ቢችልም፣ የፎቶ ማረሚያው ክፍት ሆኖ ብሮውዘሩም በርካታ ገጾች ከያዘ ራሙ ይሞላና ኮምፒውተሩ መረጃውን ፋይሎች ወደሚቀመጡበት ማከማቻ፣ ወደ ኤስኤስዲው፣ እያመላለሰ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ መነሻዬ 16 ጊጋባይት ነው፤ ቪዲዮ በብዛት ለሚሠራ ግን 32 ይሻላል። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ኤስኤስዲው ግን በአብዛኛው ስለሚቀየር፣ ገንዘብ ሲያጥር ከማከማቻው ቀንሶ ራሙን ከፍ ማድረግ ያዋጣል። ማክቡክ ላይ ሁለቱም ስለማይቀየሩ ውሳኔው በግዢው ቀን ያልቃል።

ፋን የሌለው ላፕቶፕ ጸጥታው ደስ ቢልም፣ ረጅም ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግበት (የተቀናበረው ወደ አንድ ያለቀ ፋይል ሲቀየር) ይሞቅና ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኪቦርዱን ደግሞ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፎ መሞከር ያስፈልጋል።