ከሰዓት በኋላ የሚቆረጠው የ10 ጊጋቢት መስመር

በቤቴ ያለውን ሰርቨር ከስዊቹ (የኔትወርክ ኬብሎች ከሚገናኙበት መሣሪያ) ጋር የሚያገናኘው የ10 ጊጋቢት መስመር ለሁለት ወር ያህል ዕረፍት ነሥቶኝ ነበር። መስመሩ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆረጥና ራሱ ይመለሳል፤ ነገር ግን እነዚያ ሰከንዶች በመገልበጥ ላይ ያለን ትልቅ ፋይል ለማቋረጥ በቂ ነበሩ። ሁለቱ የሚገናኙት በግድግዳ ውስጥ ባለፈ 20 ሜትር ገደማ በሚሆን ካት 6 በተባለ የመዳብ የኔትወርክ ኬብል ሲሆን፣ የሰርቨሩ የኔትወርክ ካርድም የስዊቹም ወደብ ኤስኤፍፒ ፕላስ (ተነቃይ ሞጁል የሚሰካበት ዓይነት) ስለሆነ በሁለቱም ጫፍ የመዳብ ኬብል የሚቀበል ሞጁል ሰክቼ ነበር።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ኬብሉን ነው። ካት 6 የ10 ጊጋቢት ፍጥነትን እስከ 55 ሜትር ድረስ ሊሸከም ስለሚችል ርዝመቱ አላሳሰበኝም፤ ጫፎቹን ግን ቆርጬ በአዲስ ማያያዣ ሠራኋቸው። በዚያው ቀን የካርዱን ድራይቨርና የስዊቹንም ሶፍትዌር አደስሁ። ሦስት ቀን በሰላም አለፈ፤ በአራተኛው ቀን ችግሩ ተመለሰ። ሦስት ነገሮችን በአንድ ቀን ስለለወጥሁ፣ ለዚያ አጭር እፎይታ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ይሁን ወይም አንዳቸውም አይሁኑ መለየት አልቻልሁም፤ ከመቆረጡ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው።

ስለዚህ መነካካቱን ትቼ መመዝገብ ጀመርሁ። በየደቂቃው የስሕተት ቆጣሪዎችን በኢትቱል (የኔትወርክ ካርድን ሁኔታ በሚያሳይ የሊኑክስ ትእዛዝ) እያነበበ ከነሰዓቱ የሚጽፍ አጭር ስክሪፕት አዘጋጀሁ። ኬብሉ የተጎዳ ቢሆን ኖሮ የሲአርሲ ስሕተት (ዳታ በመንገድ ላይ መበላሸቱን የሚያሳየው) በማንኛውም ሰዓት፣ በተለይም ብዙ ዳታ ሲተላለፍ ይጨምራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቆጣሪው ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ ከባድ የመጠባበቂያ ቅጂ በሚካሄድበት ጊዜ እንኳ፣ ንቅንቅ አይልም። ስሕተቱ የሚታየው ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ፣ ያውም መስመሩ ከመቆረጡ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ የስዊቹን ሞጁል ሙቀት አየሁ፤ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ደርሷል። የኤስኤፍፒ ፕላስ ወደብ የተነደፈው እስከ 1.5 ዋት ለሚወስድ ሞጁል ሲሆን፣ የ10 ጊጋቢት የመዳብ ሞጁል ግን 2.5 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ የእኔ ስዊች ደግሞ ማራገቢያ የሌለውና በዝግ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ነበር። ጥርጣሬዬን ለማረጋገጥ ሌላ ምንም ሳልነካ በስዊቹ ፊት አንዲት ትንሽ ማራገቢያ አቆምሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ አንድም ጊዜ አልተቆረጠም። ማራገቢያዋን ባነሣሁ ማግሥት ከሰዓት በኋላ ተቆረጠ። ማራገቢያዋን መልሶ ማቆም ይቻል ነበር፤ እኔ ግን በማራገቢያ ዕድሜ ላይ የተንጠለጠለ መስመር አላምንም።

በመዳቡ ምትክ ኦኤም3 የተባለ፣ ዳታን በብርሃን የሚያስተላልፍ ፋይበር ዘረጋሁ፤ ይህ ዓይነቱ ፋይበር በአጭር ርቀት የኦፕቲካል ሞጁል 10 ጊጋቢትን እስከ 300 ሜትር ያደርሳል፣ ሞጁሉም ብዙውን ጊዜ ከ1 ዋት በላይ አይወስድም። መጀመሪያ ስሰካው መስመሩ አልተነሣም፤ የአንዱ ጫፍ ላኪ ከሌላው ጫፍ ተቀባይ ጋር እንዲገጥም ሁለቱን ክሮች አቀያየርሁና ተነሣ።

ሆኖም በአይፐርፍ3 (በኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ስለካው ፍጥነቱ ከ3.3 ጊጋቢት አላልፍ አለ። ቆጣሪዎቹ ሁሉ ዜሮ ናቸው፣ የሚደርሰውም ብርሃን በቂ ነው። ፋይበሩን መልሼ ልነቅል እጄን ከሰደድሁ በኋላ ነው በዚያው ቀን ሌላ ነገርም እንደለወጥሁ ያስታወስሁት፦ ካርዱ አየር እንዲያገኝ ብዬ በሰርቨሩ ውስጥ ወዳለ ሌላ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ (ካርድ የሚሰካበት ቦታ) አዛውሬው ነበር። ማስገቢያው በመልኩ ረጅም ቢሆንም በውስጡ የተዘረጋለት የዳታ መስመር (ሌን) አንድ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ትውልድ ፍጥነት አንድ መስመር በሰከንድ 500 ሜጋባይት፣ ማለትም 4 ጊጋቢት ብቻ፣ ያሳልፋል፤ ከዚያም ላይ የራሱ የፕሮቶኮሉ ወጪ ይቀነሳል። ኤልኤስፒሲአይ የተባለው፣ የተሰኩ ካርዶችን የሚዘረዝር ትእዛዝ፣ ካርዱ ስምንት መስመር እንደሚችልና በአንድ እየሠራ እንደሆነ ጎን ለጎን ጽፎ አሳየኝ። ካርዱን ወደ ቀድሞ ቦታው መልሼ ስለካው 9.41 ጊጋቢት በሰከንድ አነበብሁ።