ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ እንመዘግባለን

ደሴ ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ተጨምሯል፤ «ሙዚየማችሁስ እንዴት ሆነ?»

ተዘረፈ። መልሱ ይኸው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ የከተማችን ሙዚየምም ከተዘረፉት ቦታዎች አንዱ ሆነ። ሙዚየሙ ያለበት ቤት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ነው፤ ቤቱ ራሱ ቅርስ ነው። በልጅነታችን ከትምህርት ቤት ተሰልፈን፣ መምህራችን «እንዳትነኩ!» እያሉን ጋሻና ጦር አይተን የተመለስን ልጆች ሁሉ ወሬውን ስንሰማ የገዛ ቤታችን የተሰበረ ያህል ነው የተሰማን።

ስለ ዝርፊያው ብዙ ተብሏል፤ እኔ ማውራት የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ስንት መኖሪያ ቤትም ተሰብሯል። ጎረቤቶቻችን የአያታቸው ጎራዴ ጠፋባቸው። «ምን ይመስል ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አራት ወንድምና እህት አራት ዓይነት ጎራዴ ነገሩኝ። አንዷ አፎቱ ቀይ ነው አለች፣ አንዱ ጥቁር አለ፣ ታላቅየው እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነበር ብሎ ማለ፣ ትንሹ ደግሞ «ኧረ እንጨት ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሁሉም ከሥሩ በልተው ጠጥተው ያደጉበት ጎራዴ እኮ ነው! ፎቶ የለው፣ ልኩ አይታወቅ፣ የተጻፈ ነገር የለው። ነገ አንድ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ቢያገኙት የኛ ነው ብለው በምን ያስረዳሉ?

ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ስም የለንም፣ ማኅተም የለንም። የተዋስናት አንዲት ክፍል፣ ጠረጴዛና ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ብቻ ነው ያለን። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉ፣ ፎቶ ቤት ያለው ልጅ አለ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አሉ (ፈተና ሲደርስ ድራሻቸው ይጠፋል፣ ምን ይደረግ)። አንዳንዶቹ ወንዶች ልጆች የሚመጡት ለቅርሱ ብለው ነው ወይስ ቡና ለምታፈላው ልጅ ብለው ነው የሚለውን አልመረምርም። መጥተው ከሠሩ ለኔ በቂ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ሰው ከቤቱ አንድ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ከጎኑ ማስመሪያ አድርገን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሥር ፎቶ እናነሳለን። ስንጥቅ፣ የተጠገነ ቦታ፣ የተቃጠለ ጥግ ካለው ደግሞ በቅርበት እናነሳዋለን፤ ምክንያቱም ዋንጫ ከዋንጫ ይመሳሰላል፣ የአንዱ ስንጥቅ ግን ከሌላው አይመሳሰልም። ከዚያ ካርድ ላይ እንጽፋለን፤ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተጠቀመበት፣ እንዴት እጃቸው እንደገባ። ሲያልቅ ባለቤቱ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ አንወስድም። ይህንን ደጋግመን ካልተናገርን የሚመጣ ሰው የለም፤ «መዝግበው ሊወስዱብን ነው» የሚል ሥጋት አለ፣ ሰውም ወዶ አልፈራም።

አንድ ቀን አንድ ሼኽ ሉህ ይዘው መጡ፣ ቁርአን የተቀሩበትን እንጨት። ከኛ ልጆች አንዱ ጥቁሩን እድፍ አይቶ ጨርቅ በውኃ ነከር አድርጎ ሊጠርግ ሲል ሼኹ እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ፣ ተው! እሱ እድፍ አይደለም፣ ቀለም ነው።»

ቁጭ ብለው አስረዱን። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ይበጠበጣል። ልጁ አንቀጹን ሉሁ ላይ ይጽፋል፣ እስኪሸመድደው ይቀራዋል፣ ከዚያ ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። የታጠበበት ውኃ መሬት አይደፋም፤ ይጠጣል። ስለዚህ ያ እንጨት ላይ የቀረው ጥቁረት ቃሉ ተጽፎ ታጥቦ፣ ተጽፎ ታጥቦ የተረፈ ነው። ቀጥለው የሉሁን ታችኛ ጥግ አሳዩን። እንጨቱ ጎድጉዷል፣ ልስልስ ብሏል። «ይህች የአውራ ጣት ናት» አሉ። «የአባቴ፣ ቀጥሎ የኔ፣ ቀጥሎ የልጄ።» የራሳቸውን ጣት ሲያሳርፉበት ልክክ አለ። እሱን ጥግ ብቻ ስንት ጊዜ ፎቶ እንዳነሳነው! ካርዱ ላይ «የእንጨት ሰሌዳ፣ አሮጌ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ምን ይቀር እንደነበር አስቡት። ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ አንድ መንዙማ አወረዱልን፣ በስልክ ቀድተነዋል። ግጥሙ አማርኛ ነው፤ አባታቸው የጻፉት ግን በዓረብ ፊደል በአጀሚ ስለሆነ ወረቀቱን የሚያነብልን ሰው እየፈለግን ነው።

መመዝገብ የፈረንጅ ነገር ይመስላቸዋል አንዳንዶች። በፍጹም። ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ተብሎ የሚታወቀው የአራቱ ወንጌል ብራና የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በውስጡ ደግሞ ገዳሙ ያሉት መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። ከ700 ዓመት በፊት! መነኮሳቱ ያላቸውን ቆጥረው፣ ሊጠፋ ከማይችል መጽሐፍ ውስጥ ጻፉት። እኛ ደግሞ ስልክ ኪሳችን ውስጥ እያለ የአያታችንን ጎራዴ ቀለም እንከራከራለን።

መቅደላም የወሎ ነው። በ1860 አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ለመሸከም 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ነው ያስፈለገው። ደላንታ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ጨረታ አወጡበት፣ እርስ በርሳቸው ተሻሻጡት። እስከ ዛሬ እንግሊዝ አገር ያለውን ስንጠይቅ ከሚረዱን ነገሮች አንዱ የሚገርመው የራሳቸው ጽሑፍ ነው፤ የወሰዱትን ጽፈውታል፣ ካታሎግ ውስጥ አስገብተውታል። በወሎ ምድር ከዚያ ዘረፋ የተረፈ ትልቅ ዕቃ ቢኖር ሴባስቶፖል ነው፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ማን ይሸከመዋል? ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው፣ ብዙ ሰው ዋናው ይመስለዋል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ደግሞ በ1989 ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ስም ያለው፣ መልኩ የሚታወቅ መስቀል ስለነበር ተፈለገ። ስም የሌለው ዕቃ ሲጠፋ ማን ይፈልገዋል?

ወደ ጠረጴዛችን ልመለስ። በብዛት የሚመጣልን ምን መሰላችሁ? ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት የድሮ ብር። ባቲ ገበያ የነገደ ዘመድ የሌለው ወሎዬ የለም መሰለኝ፣ ከአፋር ጨው፣ ከደጋ እህል፣ መሐል ላይ ብር። ሁሉም ሰው ታዲያ ብሩን አዙሮ ያሳየኛል፤ «እይው፣ 1780 ይላል፣ 240 ዓመት አልፎታል!» ይላል። ቅስማቸውን መስበር አልወድም፤ ግን ማርትሬዛ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተመታውም ጭምር 1780 የሚል ነው። ነጋዴው ሌላ ቀን ያለበትን አልቀበልም ስላለ ቀኑን ሳይቀይሩ ሲመቱት ኖሩ። እኔ ለባለቤቶቹ የምላቸው ብሩ ላይ ያለውን ዓመት ትታችሁ ማን ለማን እንደሰጠው ንገሩኝ ነው። አንዷ እናት «ይኸማ የጥሎሽ ነው፣ አንገቴ ላይ ነበር» ብለው ቀዳዳውን አሳዩኝ። አያችሁ? ካርዱ የሚሞላው በዚህ ነው።

የሚያናድደኝ ነገር ልንገራችሁ። የአገራችን ሙዚየሞች ስሄድ የማየው ጠመንጃ፣ ጎራዴ፣ ካባ፣ የመኳንንት ፎቶ ነው። ጥሩ ነው፣ አልጠላሁም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ስናይ እንኮራለን፣ ስንቱ ሰው ግብር የበላበት ነው። ግን ለዚያ ሁሉ ሰው እንጀራ የሚሆነውን ዱቄት ማን ፈጨው? ወፍጮና መጁስ የት አለ? «እኔ ምን ዕቃ አለኝ ብለሽ ነው የኔ ልጅ» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። አንዷ እንዲህ እያሉኝ የተቀመጡት ባና ላይ፣ ከበግ ጠጉር የተሸመነ ብርድ ልብስ ላይ ነበር! የበጉን ጠጉር ከሸለቱበት ቀን ጀምሮ ያለውን ነገር፣ እሳቸው ከእህቶቻቸው ጋር ሲፈትሉ፣ ባለቤታቸው ሲሸምኑ፣ ማን በምን ተጣልቶ ሥራው እንደቆመ ጭምር ነገሩኝ። ዕቃ የለኝም ያሉት ሴትዮ ካርድ ከሁሉም ረጅም ሆነ።

ታሪኩ የሚወጣው ደግሞ ቡና ላይ ነው። አቦል ላይ ሰው ጨዋ ነው፣ «ደህና ነው፣ የቆየ ነው» ብቻ ይላል። ቶና ላይ ትንሽ ይፍታታል። በረካ ላይ መቅጃውን ባታቆሙት ይሻላችኋል።

ለተማሪዎችም አልፎ አልፎ እናሳያለን፣ ባለቤቶቹ ሲፈቅዱ። ሕጋችን «እንዳትነኩ» አይደለም። የሚነካና የማይነካ ለይተን እናስቀምጣለን፤ መጁን ይዘው ይፈጫሉ፣ እንዝርት ያሾራሉ፣ ብራናውን ግን ከሩቅ። አንድ ቢሮ ይህንን ሰምቶ ደብዳቤ አጽፉ፣ የክብር እንግዳ ጥሩ፣ ባነር አሠሩ አለን። ለባነር የሚሆን ብር ቢኖረን መደርደሪያ እንገዛ ነበር።

አሁን ያልጨረስነው ክርክር አለ። አንዲት እናት በ1977 መጠለያ ውስጥ የተሰጣቸውን የእህል መቀበያ ካርድ አመጡ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ማኅተሙ ደብዝዟል፣ በየወሩ የተቀበሉበት ምልክት ግን ይታያል። እስከ አንድ ወር ድረስ ምልክቱ ለአራት ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለሦስት። ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ይህንን ማሳየት የለብንም አሉ፣ «ዓለም ወሎን የሚያውቀው በድርቅ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ከዚህ አገር ጋር የተያያዙ ሆነው ሳለ በጥቅምት 1977 ከኮረም የተላለፈው ምስል ነው ስማችን ሆኖ የቀረው፣ እኛው ደግሞ ልንጨምርበት ነው?» እውነት አላቸው፣ እኔም ያ ስም ያንገበግበኛል። መምህሩ ደግሞ በተቃራኒው ቆሙ። በ1965 እና 66 ወሎ ሲራብ መንግሥት ደብቆት ነበር፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ረሃብን መደበቅ የነሱ ሥራ ነበር እንጂ የኛ አይደለም አሉ። እኔ ወደ መምህሩ አዘነብላለሁ። ያ የቴሌቪዥን ምስል ሲነሳ ማንም የሰዎቹን ስም አልያዘም፤ ካርዱ ላይ ግን ስም አለ፣ ቀበሌ አለ፣ በጣት የተፈረመ ፊርማ አለ። የእርዳታ ፎቶ ሌላ፣ የሰው የራሱ ወረቀት ሌላ። በመጨረሻ የወሰኑት ባለቤቷ ናቸው፤ «አሳዩት፣ ስሜን ግን በወረቀት ሸፍኑት» አሉ። እንዴት አድርገን እንደምንሸፍነው ወረቀቱን ሳንጎዳ ገና እየተነጋገርን ነው፤ ማጣበቂያ እንደማይነካው ብቻ ተስማምተናል።

ልትመጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልበል። እባካችሁ ዕቃውን ከማምጣታችሁ በፊት አትጠቡት። ነሐስና ብር በሎሚና በአመድ አትሹት፤ የሚያብለጨልጨው ላዩ ተፍቆ ስለተነሳ ነው። መጽሐፍና ፎቶ በፌስታል ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፤ የደሴ ጉም እርጥበት ነው፣ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ሻጋታ ያበቅላል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ከፎቶ ጀርባ ስም የምትጽፉ ከሆነ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ሳትጫኑ። «ዕቃውን እኔ እገዛዋለሁ» የሚል ሰው በር ላይ ከጠበቃችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፣ ገዢው ደግሞ ይህንን ከእናንተ በላይ ያውቃል።

ዕቃ የሌላችሁ ደግሞ የሚናገር ሽማግሌ ይዛችሁ ኑ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ እኛ ክፍል ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ፎቶ ቤቱ ልጅ ይዞታል።