ነፋሱ ሳይቆም የሰማን አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከባሕር በሕይወት ከወጣሁ ቸርነትህን እናገራለሁ ብዬ ተስዬ ነበርና ዛሬ ስለቴን ልፈጽም። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ረዘም ቢል ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

በአንድ ማኅበር የምንገናኝ አምስት ሰዎች ነን። የልብ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሕፃናት ገንዘብ ለማሰባሰብ እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን የእንግሊዝ ቻናልን በቀዘፋ ልንሻገር ተነሣን። ከዶቨር እስከ ፈረንሳይ ዳርቻ በጠባቡ በኩል 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ጠባብ ውኃ በቀን ከ400 በላይ መርከቦች ይተላለፋሉ። በእንግሊዝ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በፈረንሳይ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዙ ናቸው፤ ትንሽ ጀልባ ሁለቱንም መስመር ማቋረጥ አለባት። የባሕሩ ውኃ ራሱ በየ6 ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን እየለወጠ ወደ ጎን ይጎትታል። ከአምስታችን መካከል ከዚህ በፊት መቅዘፊያ ጨብጦ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ቀዘፋ የክንድ ሥራ ይመስለን ነበር። አሠልጣኛችን መጀመሪያ ያስተማረን ኃይሉ ከእግር እንደሚነሣ ነው። ወንበሩ ከሥርህ ይንሸራተታል፤ በእግርህ ትገፋለህ፣ ጀርባህ ይከተላል፣ ክንድ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መዳፋችን ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደደረ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት ብንወድቅ ትንፋሽ እንደሚያጥርና ድንጋጤው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ እንደሚቆይ፣ በዚያ ጊዜ ከመዋኘት ይልቅ በጀርባ ተንሳፍፎ መጠበቅ እንደሚሻል ተማርን። ይህን ሁሉ ቻልነው። ያልቻልነው አንድ ነገር ነበር፤ አብሮ መቅዘፍ።

አራት ቀዛፊዎች እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት መቅዘፊያ እንይዛለን፤ አምስተኛዋ እኅታችን ከኋላ ጫፍ ተቀምጣ ጀልባዋን ትመራለች። ቀዛፊ የሚቀመጠው ጀርባውን ወደሚሄድበት አድርጎ ነው። የሚያየው የተወውን ዳርቻ ነው፣ የሚደርስበትን የምታየው መሪዋ ብቻ ናት። እኔ ከእሷ ፊት ለፊት ስለምቀመጥ ሌሎቹ ምታቸውን ከእኔ ይወስዳሉ። ግን አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። መቅዘፊያ አለጊዜው ውኃ ውስጥ ከገባ ውኃው ይይዘውና እጀታው ተመልሶ ደረትን ይመታል። ከዚያ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች፣ ሁሉም ይተራመሳል። ከየልምምዱ በፊት ስንጸልይ ርእሳችን ይኸው ነበር፦ «አንድ አድርገን»። ወራት አለፉ፤ መልስ የለም። እኔ በልቤ እየደከምኩ ነበር።

ስለቴን በተሳልኩበት ቀን ወደ ባሕር ስንወጣ የአየር ትንበያው መልካም ነበር። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ ከዳርቻው አጠገብ ውኃው ዝም ያለ ነው። የእንዲህ ዓይነት ነፋስ አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ መሬቱ ስለሚከልለው ወጥተህ እስክትርቅ ድረስ ጉልበቱን አታየውም። ራቅ ስንል ከተባለው በላይ በረታ። የውኃው ጉተታ ደግሞ ከነፋሱ በተቃራኒ ነበር። ነፋስና የባሕር ጉተታ ሲጋጠሙ ማዕበሉ ያጥርና ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንመለስ ብለን ስንዞር የአጃቢያችን ጀልባ ሞተር ጠፋ። እሱም እንደ እኛ በውኃው እየተወሰደ ከዓይናችን ራቀ።

እኅታችን የጭንቅ ጥሪ በሚሰማበት በሬዲዮ ቻናል 16 ላይ «ሜይዴይ» ብላ ጠራች። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች መለሱላት፤ ነፍስ አድን ጀልባ ተነሥቷል፣ እስኪደርስ የጀልባችሁን ፊት ወደ ማዕበሉ አድርጋችሁ ያዙ አሏት። ይህ ማለት ቅዘፉ፣ እንዳታቆሙ ማለት ነው። ካቆምን ጀልባዋ ወደ ጎን ትዞራለች፤ ወደ ጎን ከዞረች ማዕበሉ ይገለብጣታል።

አሁን ማዕበሉ የሚመጣው ከጀርባችን ነው፤ አናየውም። እኔ የማየው እሷን ብቻ ነበር። ትልቁ ሊመታን ሲል ዓይኗ ከራሴ በላይ ከፍ ይልና ከንፈሯን ትነክሳለች። ከዚያ ውኃው በትከሻችን ላይ ይወርዳል። «አይዟችሁ፣ እኔን ብቻ እዩ» ስትል ከአፏ አነበብኩ እንጂ ድምፅዋን አልሰማሁም። የድምፅ ማጉያዋ ውኃ ገብቶበት ሞቷል፣ ጩኸቷን ነፋሱ ወደ ኋላዋ ይወስደዋል። ምት የሚሰጠን ጠፋ። መቅዘፊያዎቻችን ይጋጩ ጀመር፣ ጀልባዋም ወደ ጎን መዞር ጀመረች። በዚያች ቅጽበት ነው የተሳልኩት።

ከሁላችን ጫፍ፣ በጀልባዋ ፊት በኩል የሚቀመጠው በዕድሜ ታላቃችን ነው፤ ጋሼ እንለዋለን። በልምምድ ጊዜ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ድንገት ከኋላዬ ድምፁን ሰማሁት፦ «እግዚኦ!»

ልብ በሉ፤ የእኅታችንን ድምፅ የወሰደብን ያው ነፋስ የእሱን ድምፅ አምጥቶ ጆሯችን ውስጥ ጨመረው። ነፋሱ ከእሱ በኩል ወደ እኛ ይነፍስ ነበርና። ሳናስብ መለስንለት፦ «መሐረነ ክርስቶስ!» «እግዚኦ» ሲል ወንበራችን ይንሸራተታል፣ «መሐረነ ክርስቶስ» ስንል እግራችን ይገፋል፣ ስምንቱ መቅዘፊያ ውኃውን እኩል ይይዛል። በወራት ልምምድ ያልመጣው ነገር በዚያ ሰዓት መጣ። ከሥሬ ጀልባዋ ስትረጋ፣ ፊቷም ተመልሶ ቀጥ ሲል ተሰማኝ። እኅታችን ታለቅስ ነበር፤ እያለቀሰችም አብራን «መሐረነ» ትላለች። አርባ አንዱን ስንት ጊዜ እንደደገምነው የቆጠረ የለም።

ነፋሱ አልቆመም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ምስክርነት ማሳመር አልፈልግም። ነፍስ አድኖቹ እስኪደርሱ ድረስ ነፈሰ። ማዕበሉ ግን ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ የውኃው ጉተታ የሚቆምበት ሰዓት ደርሶ ነበር። አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «እሱማ በሰንጠረዥ የታወቀ ሰዓት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የታወቀ ነው። ሰዓቱን ለባሕር የቀጠረላትንም አውቀዋለሁ። ያ ሰዓት እስኪደርስ ከውኃው በላይ ያቆየንን ደግሞ ሰንጠረዥ ላይ አላገኘሁትም።

ነፍስ አድኖቹ ገመድ ወርውረው ጎትተው አወጡን፤ የአጃቢያችንንም ሰው በሰላም አገኙት። አንዳችንም አልተጎዳንም፤ ክብር ለስሙ ይሁን።

ከዚያ ወዲህ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን ሳነብ ቀድሞ ያላየሁትን አያለሁ። ደቀ መዛሙርቱ ነፋስ ወደ ፊታቸው ሆኖባቸው እየቀዘፉ ሲጨነቁ ጌታ አያቸው ይላል። በማታ አያቸው፤ በባሕር ላይ እየሄደ የመጣው ግን ከሌሊቱ በአራተኛው ክፍል፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። በመሐሉ ያለውን ረጅም ሰዓት ቀዘፉ። ወንጌሉ ስለዚያ ሰዓት ምንም አይልም። እኔ ግን አሁን ስለ ክንዳቸውና ስለ ጀርባቸው አስባለሁ፤ እያያቸው እንደነበር ሳያውቁ መቅዘፋቸውንም አስባለሁ። እኛ «አንድ አድርገን» ስንል በጸጥታ ውኃ ላይ እንዲሰጠን ጠብቀን ነበር። እሱ የሰጠን በጭንቁ መሐል ነው። የሰጠንንም አልወሰደብንም፤ ዛሬም ስንቀዝፍ እኩል ነን፣ ምቱን የሚጠራውም ጋሼ ነው። አሠልጣኛችን ቃሉን ባያውቀውም «ያንን ነገር በሉ» እያለ ያዘናል።

መሻገሩን አልተውነውም። ፈርተን ነበር፤ በተለይ እኅታችን ለብዙ ሳምንታት ወደ ውኃው መመለስ አቅቷት ነበር። ማንም አልገፋፋትም፤ ጸለይንላት፣ በራሷ ጊዜ መጣች። አሁን አጃቢ ጀልባችን ሁለት ሞተር ያለው ነው፣ ለመሪዋም መለዋወጫ ሬዲዮ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ተይዟል። የምንጠብቀው ጨረቃ ሩብ ላይ የምትሆንባቸውን ቀናት ነው፤ ያኔ የባሕሩ ጉተታ ይለዝባል። ከእነዚያ መካከል ነፋሱ የሚፈቅደውን የአጃቢ ጀልባችን ካፒቴን ይመርጥልናል፤ ሌሊት ቢደውልም እንነሣለን።

እስከዚያ በጸሎታችሁ አስቡን። ከእኛ ይልቅ ግን ሕፃናቱን አስቡልን፤ ተራ እየጠበቁ ያሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደረጃ ለመውጣት እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እናቶቻቸውንም አትርሱ።