የኮርኒሱ አበባ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ስመጣ መንገዱ ዝግትግት አለና ታክሲያችን እንግሊዝ ኤምባሲ አጥር ጋ ቆመ። ዛፎቹን እያየሁ በሐሳብ ጭልጥ አልኩ።

ከአድዋ በኋላ ምኒልክ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይ፣ ለሩሲያና ለጣሊያን ለጋሲዮኖች፣ ማለትም ለያኔዎቹ ኤምባሲዎች፣ ሰፋፊ ቦታ ሰጡ። ለራሶቹና ለደጃዝማቾቹ ሰፈር እንደሰጡት መሆኑ ነው። እንግሊዞቹም መጀመሪያ የኖሩት እንደ እኛው ሰው በጭቃ፣ በሣር ክዳን ጎጆ ነው። ተጓዡ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1902 ዓ.ም. የተወለደው እዚያ ጎጆ ውስጥ ነበር፤ አባቱ የእንግሊዝ መልእክተኛ ነበሩ። የድንጋዩ ቤት ኋላ መጣ። በ1909 ዓ.ም.፣ የሸዋ መኳንንት ከንጉሥ ሚካኤል ጋር የተዋጉበት የሰገሌ ጦርነት ሲቃረብ፣ ተፈሪ፣ ኋላ ጃንሆይ የሆኑት፣ ሕፃን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ያስጠለሉት እዚሁ ግቢ ነው። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ወጥተው ከተማው ሲዘረፍም ብዙ የውጭ አገር ሰው እዚሁ ገብቶ ተረፈ።

ይኼ ሁሉ አልፎ ግቢው አለ። ቦታ በአንድ ዘመን የተሰጣቸው መኳንንት ቤቶችስ?

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ስንቱ የመኳንንት ቤት ተሸንሽኖ የቀበሌ ቤት ሆነ። ፒያሳ ከእነዚያ ባንዱ ውስጥ ለአያቴ አንድ ክፍል ደረሳት። እኔም እዚያ አደግኩ። በረንዳው በጣውላ ተዘግቶ ማድቤት ሆኖ ነበር። ሳሎኑ በችፑድ ለሁለት ተከፍሏል። ኮርኒሱ መሐል ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ ትልቅ አበባ ነበር። ችፑዱ ልክ በአበባው እምብርት ላይ ነው ያለፈው። ግማሹ እኛ ጋ ቀረ፣ ግማሹ ጎረቤታችን እትዬ ጋ። የእኛው በከሰል ጭስ ጠቁሮ የቅጠሎቹ ጠርዝ ብቻ ይታይ ነበር። አንድ ፋሲካ እትዬ ጋ ቡና ሲፈላ ቀና ብዬ የእነሱን ግማሽ አየሁት። ነጭ ቀለም ቀብተውታል። ቡናውን ትቼ አንጋጥጬ ቀረሁ። ይኼን ያህል የሚያምር ነገር ራስጌዬ እንደነበረ ያኔ ነው የገባኝ። ያንን አበባ የጠረበ ሰው ማን ይሆን? ስንት ቀን ፈጀበት?

2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ያም ቤት ፈረሰ። አበባውን ማን እንደወሰደው፣ ወይ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ እንደሄደ፣ የነገረኝ ሰው የለም። አንጀቴን የሚበላኝ ይኼ ነው።

ያ ቤት ያን ጊዜ ለኤምባሲ ተከራይቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በጥበቃና በአትክልተኛ ተከብቦ ይቆም ነበር። አበባውም ሙሉ ይሆን ነበር። ግን አያቴ ከነልጆቿ የት ትገባ ነበር? እኔስ በየትኛው በር ገብቼ አየው ነበር? ቤቱ እንዲኖር እመኛለሁ። ያሳደገኝ ግን የተከፈለው ቤት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት መመኘት ይቻላል?