ጋቢው የማን ፈትል ነው?

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

በዚህ ሰሞን በየቤቱ ሣጥን ይከፈታል። ጋቢው ይናፈሳል፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰፌድ ወርዶ አቧራው ይራገፋል፣ የተጠለፈው የትራስ ልብስ ይወጣል። የዘንድሮው መልእክታችን እነዚህን ስለሠራችው የቤቱ ትልቅ ሴት ነው፤ ዘጠና ዓመት ስለኖረችው፣ ስለፈተለችው፣ ስለሰፋችው፣ በሰርግና በለቅሶ ግጥም ስላወረደችው አያት። ስለ እሷ ሲነሣ «ደግ ነበረች፣ እጇ አያርፍም» ይባልና ወሬው ያልቃል። እንዲህ ያልተባለላት አያት ግን የለችም። የእሷ የብቻዋ የሆነው ዝርዝሩ ነው፤ ክሯ ምን ያህል ይቀጥን እንደነበር፣ ሸማኔውን የትኛውን የጥለት ቀለም ታዘው እንደነበር።

ከፈትሉ እንጀምር። ጥጡ ከነፍሬው ይመጣል። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ የብረት ዘንግ ይንከባለልበታል፤ ጥጡ በአንድ በኩል ይቀራል፣ ፍሬው በሌላ በኩል ተስፈንጥሮ ይወጣል። መዳመጥ ማለት ይህ ነው። ዘንጉን አብዝቶ የተጫነ ሰው ፍሬውን ይሰብራል፤ ስባሪው ጥጡ ውስጥ ይቀራል፣ ዘይቱም ያበላሸዋል። ከ3 ኪሎ ያልተዳመጠ ጥጥ የሚገኘው ንጹሕ ጥጥ ወደ 1 ኪሎ ገደማ ነው። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት ሲርገበገብ የተጣበቀው ጥጥ ይፍታታል፣ ቆሻሻውም ይራገፋል። የተነደፈው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ብዙ ሰው ፈትል የሚጀመረው ከእንዝርት ይመስለዋል። አዋቂ ፈታዮች ግን የክሩ ጥራት ግማሹ አመልማሎው ላይ እንዳለቀ ያውቃሉ፤ ባልተነደፈ ጥጥ ላይ ማንም እጅ ቢሆን እኩል ክር አያወጣም።

ከዚያ እንዝርቱ ይሾራል። አንዱ እጅ አመልማሎውን ይዞ ጥጡን በልክ ይለቃል፣ ሌላው እንዝርቱን ያሾራል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ክሩ ሲከርር ካነሰው ሸማኔው ሲስበው ይለያያል፤ ከበዛበት ደግሞ ላላ ሲል በራሱ ላይ ይጠማዘዛል፣ ይቋጠራል። ሁለቱን የምታመጣጥነው የጣቷ ቆዳ ናት፤ ለዚህ ነው አያቶች እያወሩ፣ ልጅ እየተቆጡ፣ አንዳንዴም ዓይናቸው ደክሞ ሳለ መፍተል የሚችሉት። የተፈተለው ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆንና ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ዛሬ በብዙ ጋቢ ላይ ድሩ (በቁመት የሚወጠረው) የፋብሪካ ክር ነው፣ የእጅ ፈትሉ ማግ (በአግድም የሚገባው) ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድር ሽመናው እስኪያልቅ ተወጥሮ ይሰነብታል፣ ሲፋተግም ይውላል፣ ስለዚህ ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል። ማግ ግን ለስላሳ ቢሆን፣ ወፈር ቀጠን ቢል ይችላል፤ እንዲያውም የጋቢው ሙቀትና ልስላሴ የሚመጣው ከእሱ ነው።

እንግዲህ ሣጥን ውስጥ ያለው የእሷ ፈትል መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ጫፉ ጋ አንዱን ድርብ ለይታችሁ በመስኮት ብርሃን ፊት ያዙና ማጉን ተመልከቱ። የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ የእጅ ፈትል ትንንሽ እብጠትና ቅጥነት አለው። ጥርጣሬ ካለ ከጫፉ አንዲት የማግ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ አመድ ይተዋል። ሰው ሠራሽ ክር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ጠብታ ካገኛችሁ አትዘኑ፤ አያት ከገበያ የገዛችውንም ትለብስ ነበር።

አጠባበቁን በአጭሩ እንንገራችሁ። በረኪና የሚባል ነገር አይቅረበው። ለጊዜው ያነጣዋል፣ ግን ጥጡን ራሱን ይበላዋል፤ አሮጌ ጋቢ በታጠበ ማግስት በእጅ የሚቀደደው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ከመታጠቡ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጉ፤ ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ካልወጣ በቀዝቃዛ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና እጠቡት፣ ሳሙናው ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ አለቅልቁት፤ የቀረው ሳሙና ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። አትጭመቁት። ውኃ የጠጣ ጋቢ ከባድ ስለሆነ በአንድ ገመድ ከተንጠለጠለ የደከመው ክር ይበጠሳል፤ ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርጉት። በደንብ ሳይደርቅ አይታጠፍ። ላስቲክ ውስጥ አታስገቡት፣ እርጥበት ያፍናል፣ ሻጋታ ያመጣል፤ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት። በዓል በመጣ ቁጥር አውጥታችሁ በሌላ መስመር እጠፉት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚታጠፍ ጨርቅ የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነውና።

ስፌቱ ደግሞ ከውኃ ይራቅ። መሶቡንና ሙዳዩን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ ትኩስ እንጀራ ከነእንፋሎቱ አትክደኑበት፣ የሚሻግተው ከውስጥ ነው። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁት ቀለሙ ይሄዳል። ነቀዝ መሰል ትል ከታየ በላስቲክ አሽጋችሁ ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ ከሳምንት በላይ አቆዩት፤ ሲወጣ ላስቲኩ የሚፈታው ቅዝቃዜው ሙሉ በሙሉ ከለቀቀው በኋላ ነው፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። የተፈታውን በማስቲሽ አታጣብቁ። የሚሰፋበት ሣር፣ አክርማና ስንደዶ፣ ዛሬም ገበያ ይገኛል፣ ወስፌ የሚይዝ እጅም አልጠፋም።

አሁን ወደ ዕድሜዋ። የልደት ወረቀት የላትም፤ ወይም ውጭ አገር ስትገባ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቶላታል። ግን አያቶች ከምናስበው በላይ መረጃ አላቸው፣ መጠየቅ የማንችለው እኛ ነን። «በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን ተወለድሽ?» ብላችሁ ጀምሩ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ ነው፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። «በዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጣሊያን ሲገባ እናቴ አዝላኝ ሸሸች» ካለች፣ ጣሊያን የገባው በ1928 ስለሆነ ያሉት አማራጮች 1923 እና 1927 ናቸው። የአምስት ዓመት ልጅ ታዝላ ብዙ አትሸሽም፤ 1927 ይሻላል። እዚህ ላይ አገሩን እዩ። «ጣሊያን ሲወጣ» አዲስ አበባ ላይ 1933 ነው፣ ጎንደር ላይ ግን ኅዳር 1934፤ የአንድ ዓመት ስሕተት የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ለታናናሾቹ የታኅሣሡ ግርግር (1953)፣ የ1966ቱ አብዮት፣ የመሬት ዐዋጁ (የካቲት 1967) ይሠራሉ።

ቀኑም ይገኛል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ «የጥምቀት ማግስት ክርስትና ተነሣሁ» ካለች ከጥር 12 ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፣ ጥቅምት 22 ላይ ታርፋላችሁ (የተወለደችበትን ቀን አንድ ብላችሁ ከቆጠራችሁ ጥቅምት 23)። ወራቱ ሠላሳ ሠላሳ መሆናቸው ቆጠራውን ያቀልላል። ሙስሊም አያቶች ደግሞ «በረመዳን ተወለድኩ፣ ዝናቡም አላባራም ነበር» ሲሉ ሁለት ነገር ነው የሚነግሯችሁ፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ወደ ክረምት የሚመለሰው በ33 ዓመት አካባቢ አንዴ ነው። ወደ ፈረንጆቹ ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ደምሩ።

ድምጿን መቅዳት የሚያስፈልገው ለዚህ ሁሉ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነገር ተመልከቱ። ታኅሣሥ 1916 አዲስ አበባ ተወልደው በመጋቢት 2015 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት የፒያኖ ሊቅ በደርግ ዘመን ቤት ውስጥ በካሴት የቀዱት ዜማ ከዕረፍታቸው በኋላ ለአድማጭ ደርሷል። ካሴቱ ባይቀመጥ ኖሮ ያ ዜማ አይሰማም ነበር። የእናንተ አያት የሰርግ ግጥምም ያው ነው፤ ካልተቀዳ የለም።

ስትቀዱ ስልኩን ከአፏ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስቀምጡ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ቡና የሚወቀጥበት ሰዓት አይሁን። «የሕይወት ታሪክሽን ንገሪኝ» አትበሏት፤ «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ብላ ትዘጋዋለች። ይልቅስ ልቃቂቱን ወይም ሙዳዩን እጇ ላይ አስቀምጡና «እማማ፣ ይቺን የት ሰፋሻት? ማን አስተማረሽ?» በሏት። እጇ ያዘውን ነገር ታወራለች። ዝም ስትል ቸኩላችሁ አትግቡ፣ ግጥሙ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ አታድክሟት። ፋይሉን በስሟ፣ በቀኑና በቦታው ሰይሙት፤ አንዱን ቅጂ ስልክ ላይ፣ አንዱን ኮምፒውተር ላይ፣ ሦስተኛውን ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያለ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ። የድሮ ፎቶዎቿ ጀርባ ላይ ስም የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል።

አያት ያረፈችባችሁም ብትሆኑ በዓሉን ምክንያት አድርጋችሁ የእድሜ እኩያዋን፣ አብራት ትፈትል የነበረችውን ጎረቤት ጠይቁ፤ ዳቦና ቡና ይዛችሁ ሂዱ። የጋቢውን ፈትል ከልጆቿ ይልቅ እሷ ለይታ ታውቀዋለች።

መልካም አዲስ ዓመት! ዘመኑ የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ።