አራስ ቤት የገባው ጭንቀቴ

ከወለድኩ በኋላ ብዙም አላለቀስኩም፤ ስለዚህ «ድብርት ይዟታል» ያለኝ ሰው አልነበረም። የእኔ ነገር ሌላ ነው፤ ልጅቷ ትተኛለች፣ እኔ አልተኛም። ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ ትንፋሿን አያለሁ፣ ጋደም እላለሁ፣ ደግሞ ተነሥቼ አያለሁ። ቤታችን ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ይዣት ደረጃው ጫፍ ስደርስ «እጄ ቢከዳኝስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣና ጉልበቴ ይብረከረካል። መውረዱንም ተውኩት።

ታዲያ ይህን ማን ያውቃል? ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገብቶ፣ ገንፎውን ቀምሶ፣ ዓይኔን ከልጅቷ ላይ እንደማልነቅል ሲያይ «ጎበዝ እናት» ብሎኝ ይሄዳል። የእኛ አራስ ቤት ለጭንቀት ጥሩ መደበቂያ ነው። አራስ ከቤት አትወጣም፣ ምች እንዳይመታት ትጠበቃለች፣ ልጇም ከሰው ዓይን ይሸሸጋል። እንዲህ ባለ ቤት የምትፈራ ሴት ወግ አዋቂ እንጂ የታመመች አትመስልም።

በስድስተኛው ሳምንት ለክትባት ስንሄድ ስለ ትኩሳቱ ጥያቄ አበዛሁባት መሰለኝ፣ ሲስተሯ ካርዱን አስቀምጣ «የኔ እናት፣ ልጅቷ ስትተኛ አንቺ መተኛት ትችያለሽ?» አለችኝ። አልችልም አልኳት። ከዚያ ያለፉትን 7 ቀናት የሚመለከቱ 10 ጥያቄዎች አነበበችልኝ። በ1980ዎቹ ኤደንብራ ውስጥ የተዘጋጀ፣ ወደ አማርኛም የተመለሰ መጠይቅ ነው። ስለ ኀዘን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ያለ ምክንያት መጨነቅና መደንገጥም አለበት። ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላከችኝ።

ባለሙያዋ «አትጨነቂ» አላለችኝም፤ እሱን ሁሉም ይለኛል። ይልቅ ፍርሃቴን ድንበር አበጀችለት። አራስ ልጅ ትንፋሿ ወጣ ገባ ይላል፣ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ መቀጠሉም ያለ ነው። በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰች፣ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ግን ሐኪም ቤት ይዞ መሮጥ ነው። ከዚያ ውጭ የማያት ሳጠባት ብቻ እንዲሆን ተስማማን። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከምጡ ባይብሱም አያንሱም ነበር። እየዋለ እያደረ ግን እጄ መሄዱን ተወ።

የደረጃውን ሐሳብ ለመናገር አፍሬ ነበር። እንዲህ ያለ ሐሳብ ብዙ እናቶች ላይ ይመጣል፣ የሚያስደነግጥሽም ስለማትፈልጊው ነው አለችኝ። ባሌ ከፊት እየወረደ፣ እኔ ይዣት ከኋላ፣ መጀመሪያ አንድ ፎቅ፣ ከዚያ ሁለት እያልን ተለማመድነው። ሰው የማይሰማው ድምፅ የምትሰማ፣ «ይህ ልጅ የእኔ አይደለም» የምትል፣ እንቅልፍ አጥታ ድካም የማይሰማት አራስ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሷ ቀጠሮ አትጠብቅም፤ ያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለባት።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው፤ ባሌ ወዲያው ሥራ ገብቷል። ቢሆንም ማታ ካጠባኋት በኋላ እሱ ሳሎን ይዟት ይገባል፣ እኔ በሩን ዘግቼ እስከሚቀጥለው ጡት እተኛለሁ። ከሁሉም የረዳኝ ይህ ነው፤ ከመድኃኒት አሳንሼ አላየውም። ሦስተኛውን ቡናም ተውኩ፣ የልብ ምቴን የሚያፈጥነው እሱ ኖሯል። እናቴ «ጸበል ይሻላል» አለች። ጸበሉንም ተጠመቅሁ፣ ቀጠሮዬንም አልዘለልኩም፤ ሁለቱ አልተጣሉም።

ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ፈቃድ ሊያልቅ ሲል ደግሞ አዲስ ጭንቀት መጣ። ለልምምድ ልጅቷን ለእናቴ ትቼ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ድረስ በሰፋው የእግረኛ መንገድ ሄጄ ልመለስ ወጣሁ፣ ላልደውል ቃል ገብቼ። ምኒልክ አደባባይ ላይ ደወልኩ። እናቴ «ምን ሆንሽ? ተኝታለች፣ አትቀስቅሽብኝ» ብላ ዘጋችብኝ።